ስም የሌለው ምላጭ

ማታ ኮድ ስጽፍ ቆይቼ ሲደክመኝ የድሮ የጢም መላጫ ዕቃዎችን ፎቶ ማየት እወዳለሁ። የዝሆን ጥርስ እጀታ፣ የብር ሳህን፣ ከፋይ የለበሰ ሳጥን። በእንግሊዝ አገር ሼፊልድ የተሠሩት ምላጮች ላይ ደግሞ የሠሪው ስም ታትሞባቸዋል። የኛስ የት አለ ብዬ ሰቆጣ ስሄድ አያቴን ጠየቅኳት።

ሳቀች። «ምላጭ ምን ጌጥ ያስፈልገዋል? ከላጨ በቃ።»

የልጅ ጭንቅላት ተላጭቶ ቁንጮ የሚቀርለት፣ ሐዘንተኛም ፀጉሩን የሚላጨው ቀጥቃጭ በሠራው ተራ ብረት ነበር። ሲደንዝ ይሳላል፣ ሲያልቅ ይጣላል።

ጌጡ ያለው ሌላ ቦታ ነው። አያቴ ማተቧ ላይ ያሰረችውን የብር ኩክ ማውጫ አሳየችኝ፤ ጫፉ እንደ ትንሽ ማንኪያ፣ አናቱ መስቀል። እንዲህ ላለው ሥራ አንጥረኞች ብዙ ጊዜ የሚያቀልጡት ጠገራ ብር ነበር፤ 28 ግራም ገደማ የሚመዝነውን፣ መቼም ይመረት መች 1780 የሚል ዓመት የሚታተምበትን የኦስትሪያ ገንዘብ።

«ማን ሠራው?» አልኳት።

«አንድ ባለእጅ ነዋ! ስሙን ማን ይጠይቃል ልጄ?»

ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለእጅን በሙያው መስደብ የሚከለክል አዋጅ አውጥተው ነበር። «ቡዳ» የሚለው ስድብ ግን ከአዋጁ በኋላም ኖሯል። ዕቃውን አንገታችን ላይ አሰርን፣ ሠሪውን ከማዕዳችን አራቅን። ምላጩን ባለማስጌጣችን አይቆጨኝም፤ የሚቆጨኝ ስሙ ነው።

እኔ አንዲት መስመር ኮድ ባስተካክል እንኳ ስሜ ከነሰዓቱ ይመዘገባል።