በሮዝፓርክ መጦሪያ ቤት ስለ ነደደው እሳት

እሳት በተነሣ ጊዜ ጎልማሳ ሰው ልብሱን ጥሎ፣ መስኮት ሰብሮ፣ ግንብም ዘሎ ያመልጣል። ያለ ሰው እጅ ከአልጋው የማይነሣ አረጋዊ ግን ደወሉን ቢሰማም እንደ ተኛ ይቀራል። ስለዚህ በአረጋውያን መጦሪያ ቤት ነፍስ የማዳን ሥራ በሌላ ቤት እንደሚደረገው አይደለም። ይህንም በስኮትላንድ አገር የሆነው ነገር ገልጦ ያሳያል።

ሮዝፓርክ በግላስጎ አጠገብ ኡዲንግስተን በምትባል ከተማ የነበረ የአረጋውያን መጦሪያ ቤት ነው። ጥር 22 ቀን 1996 ዓ.ም.፣ ማለት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ጃንዋሪ 31 ቀን 2004፣ በዚያ ሌሊት አርባ ያህል አረጋውያን ተኝተውበት ነበር። የሚጠብቋቸው አንዲት ነርስና ሦስት ረዳቶች ብቻ ነበሩ።

ከሌሊቱ 10 ሰዓት ከ28 ደቂቃ ሲሆን የማስጠንቀቂያው ደወል ጮኸ። እሳቱ የተነሣው መኝታ ቤቶች በተሰለፉበት መተላለፊያ ዳር ካለች ትንሽ ጓዳ ውስጥ ነው። በጓዳይቱ የኤሌክትሪክ ማከፋፈያ ሣጥን ነበረ፤ ወደ ሣጥኑ የሚገባው ገመድ ልባሱ ተፍቆ ከብረቱ ጋር ተነካካና እሳት ጫረ። እዚያው የተከማቸው ዕቃ፣ ይልቁንም ጋዝ የታመቀባቸው ቆርቆሮዎች፣ እሳቱን አበረቱት።

ደወሉ ከየት እንደ ተነሣ የሚያመለክት ሰሌዳ በቤቱ ነበረ፤ ነገር ግን ምልክቱ ቦታውን አጥርቶ የሚናገር አልነበረም። ሠራተኞቹም እሳቱን ሲፈልጉ ወደ ሌላ ወገን ሄዱ። የቤቱ ልማድ አስቀድሞ እሳት መኖሩን ማረጋገጥ፣ ከዚያ በኋላ እሳት አጥፊዎችን መጥራት ነበረ። እንዲህም ሲሆን ዘጠኝ ደቂቃ አለፈ፤ ጥሪው የተደረገው 10 ሰዓት ከ37 ደቂቃ ሲሆን ነው። በእነዚያ ሠራተኞች ላይ መፍረድ ለሰሚ ቀላል ይሆናል። ዳሩ ግን በሌሊት እሳት ቢነሣ ምን ማድረግ እንደሚገባቸው በሚገባ አልተማሩም፣ አልተለማመዱምም፤ ያልተማረውን ሰው በጭንቅ ሰዓት ዐዋቂ ሁን ማለት ከፍርድ የራቀ ነው።

እሳት አጥፊዎቹ ከተጠሩ በኋላ ፈጥነው ደረሱ። ሰው ሁሉ የእሳት አጥፊ ሥራ ከነበልባል ጋር መታገል ይመስለዋል፤ በሮዝፓርክ ግን ነበልባሉ በተዘጋው መተላለፊያ ውስጥ አየር አጥቶ ገና ቀድሞ ደክሞ ነበር። የቀረው ጢሱ ነው። በጨለማና በጢስ መካከል ከክፍል ወደ ክፍል እየዳበሱ አረጋውያኑን ማውጣት ጀመሩ። 14 ሰዎች ሞቱ፤ አንዳንዶቹ በዚያው ሌሊት፣ የቀሩትም ወደ ሆስፒታል ከተወሰዱ በኋላ ነው። የገደላቸውም ጢሱ እንጂ ቃጠሎው አይደለም።

ጢሱ ወደ አልጋቸው የገባው በምን መንገድ ነው ቢሉ፣ በበሩ ነው። ብዙዎቹ የመኝታ ቤት በሮች ሌሊቱን ክፍት ሆነው ያድሩ ነበር። ይህም በክፋት የተደረገ አይደለም፤ አረጋዊ ሰው ብቻውን ተዘግቶበት ማደር ያስፈራዋል፣ ጠባቂውም ሲያልፍ አይቶት ለመሄድ ይወዳል። መርማሪዎች በኋላ ያንን መተላለፊያና ክፍሎቹን አስመስለው ሠርተው ቢያቃጥሉት፣ በሩ ክፍት በሆነው ክፍል ጢሱ በጥቂት ደቂቃ ለሞት የሚያበቃ ሆነ፤ በሩ በተዘጋው ክፍል ግን እጅግ ዘግይቶ ገባ። ዋጋው ጥቂት የሆነ፣ በሩን በራሱ የሚዘጋ አንድ ብረት በየበሩ ላይ ቢኖር ኖሮ የብዙ ሰው ዕድሜ በተራዘመ ነበር።

በእንዲህ ያለ ቤት ሕመምተኛውን ሁሉ ወደ ሜዳ ለማውጣት መሞከር ብዙ ጊዜ የማይቻል ነገር ነው። አንዱን የማይራመድ ሰው ለማንቀሳቀስ ሁለት ሰው ያስፈልጋል፤ በሌሊት ያሉት ደግሞ አራት ናቸው። ስለዚህ የዚህ ሥራ ዐዋቂዎች ቤቱ እሳት በሚከለክሉ በሮች በየክፍሉ ተከፍሎ እንዲሠራ ያዝዛሉ። እሳት በተነሣ ጊዜ በእሳቱ አጠገብ ያሉት ብቻ፣ በወንበር ወይም በፍራሻቸው እየተጎተቱ፣ ከቅርቡ በር ወዲያ ይሻገራሉ፤ የቀሩትም በራቸው ተዘግቶ እሳት አጥፊዎች እስኪደርሱ ይቆያሉ። በሮዝፓርክ መተላለፊያው በሚገባ የተከፈለ አልነበረም።

ምርመራውን ያካሄደው ዳኛ ብራየን ሎክሃርት ፍርዱን የሰጠው ሰባት ዓመት ካለፈ በኋላ በ2011 ነው። የቤቱ የእሳት ጥንቃቄ ጉድለት የበዛበት እንደ ነበረ ተናገረ። ባለቤቶቹን ለመክሰስ ሦስት ጊዜ ቢሞከርም አልሆነም። ምክንያቱም ቤቱ በሽርክና የተያዘ ነበረና ሽርክናው ከእሳቱ በኋላ ስለ ፈረሰ፣ የፈረሰ ሽርክና አይከሰስም ተባለ። አሥራ አራት ሰው ሞቶ ተከሳሹ በወረቀት ላይ መጥፋቱ ለሟቾቹ ቤተሰብ እንዴት መራራ እንደ ነበረ መናገር አያሻም። ይህንንም ቀዳዳ ለመድፈን የእንግሊዝ ፓርላማ በ2013 ለስኮትላንድ ልዩ ሕግ አወጣ።

ሮዝፓርክ ከተቃጠለ አሥር ዓመት ሲሆነው፣ ጃንዋሪ 23 ቀን 2014 ሌሊት፣ በካናዳ በኬቤክ አውራጃ ሊል ቬርት በምትባል መንደር ሌላ የአረጋውያን ቤት ነደደ። ብርዱ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ አልፎ ነበር። እሳት አጥፊዎቹ በሌላ ሥራ የሚኖሩ፣ ሲጠሩ የሚመጡ የመንደሩ ሰዎች ነበሩ፤ የጎረቤት መንደሮች እርዳታ በጊዜው አልተጠራም ተብሎም በኋላ አለቃቸው ተወቅሷል። 32 ሰዎች ሞቱ። የተረጨው ውኃ በፍርስራሹ ላይ ስለ ረጋ ሬሳውን ለመፈለግ በረዶውን በእንፋሎት ማቅለጥ አስፈለገ።

የዚያ ቤት አንዱ ወገን በ1997፣ ሁለተኛው በ2002 የተሠራ ሲሆን በመካከላቸው እሳት የሚከለክል ግንብ ነበረ። በአዲሱ ወገን ሙቀት ሲደርስበት በራሱ ውኃ የሚረጭ ቧንቧ በጣራው ተዘርግቶ ነበር፤ በአሮጌው አልነበረም። አሮጌው አመድ ሆነ፣ አዲሱ ቆሞ ቀረ። መርማሪው ሲሪል ዴላዥ በ2015 ባወጣው ጽሑፍ ቧንቧው በአረጋውያን ቤት ሁሉ እንዲገባ ጠየቀ፤ መንግሥቱም ይህን የሚያስገድድ ደንብ አውጥቶ እስከ 2020 ጊዜ ሰጠ። የትንንሽ ቤቶች ባለቤቶች ግን ወጪው ከበደን ስላሉ፣ የተሰጠው ቀን ከአንድ ጊዜ በላይ ወደ ፊት ተላለፈ።