ኤክስኤምኤልን በብራውዘር ውስጥ ወደ ገጽ መለወጥ

ኤክስኤምኤል መረጃን በመለያዎች እያጠረ የሚያስቀምጥ የአጻጻፍ ሥርዓት ሲሆን በ1998 እ.ኤ.አ. ይፋ ሆነ። «ከተማ» በሚል መክፈቻና መዝጊያ መካከል «ኮላ ድባ» ቢጻፍ፣ ፋይሉ ይህ የከተማ ስም መሆኑን ይናገራል፤ በምን ቀለምና መጠን እንደሚታይ ግን ዝም ይላል።

ያንን ክፍተት የሚሞላው ስክሪፕት ነው። ጃቫስክሪፕት ፋይሉን ያመጣል፤ ብራውዘሩ እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ ይዘረጋዋል፤ ኤክስኤስኤልቲ በተባለው የመለወጫ ቋንቋ የተጻፈው ደንብ ደግሞ «ከተማ» ባጋጠመ ቁጥር ርእስ አድርጎ ወደ ኤችቲኤምኤል ይለውጠዋል። ሥራው የሚያልቀው አንባቢው ስልክ ላይ ነው። አንዲት መዝጊያ ከተረሳች ግን ገጹ ቀርቶ የስሕተት መልእክት ይመጣል፤ ኤክስኤምኤል እንደ ኤችቲኤምኤል ይሉኝታ የለውም።

የግዕዝ ፊደል እዚህ ላይ በደል ደርሶበታል ማለት ይቻላል። ለፊደላት የኮምፒውተር ቁጥር በሚሰጠው ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 በ3.0 እትም ሲሆን፣ የኤክስኤምኤል የስያሜ ደንብ ግን በ2.0 ላይ ተቸንክሮ ነበር። ስለዚህ «ኮላ ድባ» በይዘትነት ሲፈቀድ፣ «ከተማ» የሚለው መለያ ተከልክሎ ቆየ። ክልከላው በኤክስኤምኤል 1.0 የተነሣው በ2008 በአምስተኛው እትም ነው።

በሃምቡርግ ዩኒቨርሲቲ በ2016 የተጀመረው «ቤተ መጻሕፍት» ፕሮጀክት የኢትዮጵያን ብራናዎች በኤክስኤምኤል ይመዘግባል፤ ለውጡን ግን በአብዛኛው የሚያከናውነው ሰርቨሩ ላይ ነው። ብልህነት ነው፦ ብራውዘሮች ከ1999ኙ ኤክስኤስኤልቲ 1.0 አልፈው አልሄዱም፣ የክሮም ገንቢዎችም በ2025 እሱንም ለማስወጣት ማቀዳቸውን አስታውቀዋል።