ደጋን፣ ቀስትና ጅማት፤ ስለ አንድ መሣሪያ ስሞች

ስለ ሰሜን አሜሪካ ነባር ሕዝቦች የሚናገር የታሪክ መጽሐፍ ወደ አማርኛ የሚመልስ ሰው፣ በእንጨቱ ጀርባ ላይ የእንስሳ ጅማት በሙጫ የተለጠፈበት አጭር ደጋን ሊያጋጥመው ይችላል። ይህን «ባለጅማት ደጋን» ብሎ ቢያልፈው አንባቢውን ያሳስታል። በእኛ አገር በደጋን ላይ ጅማት ሲባል የሚታሰበው የሚወጠረው ገመድ ነውና፤ ጅማት የሌለው ደጋን ደግሞ ከቆልማማ በትር አይለይም።

ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለችውን ማንኩሳን ብዙው አንባቢ የሚያውቃት በ1958 ዓ.ም. ከታተመው ከሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ነው። እኛ ስሟን የምናነሣው ግን ለደጋን ነው። በዚህ አገር የጦረኛው መሣሪያ ጦርና ጋሻ፣ ጎራዴ፣ በኋላም ነፍጥ ስለ ነበረ፣ በቀስት የታወቁት በምዕራቡ ቆላ በመተከል የሚኖሩት ጉሙዞች ናቸው። ሆኖም ደጋን ከደገኛው ቤት አልጠፋም፤ ከፈታዮች እጅ ገባ እንጂ። ጥጥ ከተዳመጠ በኋላ በደጋን ይነደፋል፤ ባዘቶ ይሆናል፤ አመልማሎ ሆኖም ወደ እንዝርት ይሄዳል። አዝማሪም የመሲንቆውን መምቻ ደጋን ይለዋል፤ በዚያ ላይ የሚወጠረው ግን የፈረስ ጭራ ነው።

«ነደፈ» የሚለው ግስ ራሱ ሊመረመር ይገባዋል። በግእዝ በፍላጻ መታ፣ ወጋ ማለት ነው። በዐረብኛ ዘመዱ የጥጥ መንደፍን ሥራ ይናገራል። በአማርኛ ንብም ጊንጥም ይነድፋሉ፤ ሠዓሊውም ይነድፋል፤ «ንድፈ ሐሳብ»ም ከዚሁ ቤት ወጥቷል። «የደጋን ንድፍ» ብሎ የሚጽፍ መሐንዲስ፣ ሳያውቀው የተለያዩ ዘመዳሞችን አገናኘ ማለት ነው።

«ቀስት»ም ቦታውን ለቋል። በግእዝ ቀስት ደጋኑ ነው፤ የሚወረወረው ሐጽ ይባላል። ቀስተ ደመና ይህን የጥንት ትርጉም እንደ ያዘ ቀርቷል። በዛሬው አማርኛ ግን «ቀስትና ደጋን» ስንል ቀስት ፍላጻው ነው፤ የመንገድ አቅጣጫ ምልክትም ቀስት ይባላል። ስለዚህ የቆየ ጽሑፍ የሚመልስ ሰው «ቀስት» ባየ ቁጥር ቆም ብሎ ግሱን ይመልከት፤ ከተገተረ ደጋን፣ ከተወረወረ ፍላጻ ነው።

አሁን ወደ ጅማቱ እንመለስ። ደጋን ሲሳብ ወደ ቀስተኛው ያለው ገጽ ይጨመቃል፤ የውጭው ይለጠጣል። አጭር እንጨት ብዙ ሲሳብ በውጭው ገጹ ይሰነጠቃል። ጅማት ግን ሳይበጠስ ከእንጨት ይልቅ ይለጠጣል። ከእንስሳው እግር ወይም ጀርባ የወጣው ጅማት ደርቆ ይቀጠቀጣል፣ በቃጫ በቃጫ ይለያል፣ ከቆዳ በተቀቀለ ሙጫ ተነክሮም በእንጨቱ ላይ ይደረደራል። ሲደርቅ ይኮማተርና ደጋኑን ወደ ውጭ ይስበዋል። ጠላቱ እርጥበት ነው። በካሊፎርኒያ የያሂ ሕዝብ ተወላጅ የነበረውና እ.ኤ.አ. በ1916 የሞተው ኢሺ፣ ለእንዲህ ያለው ደጋን የአገራችን ጥድ ዘመድ የሆነ እንጨት ይጠቀም ነበር።

እንግዲህ ለገመዱ በበገና የለመድነውን «አውታር» ብንተውለት፣ «ጅማት» ለጥሬ ዕቃው ነጻ ይሆናል። መሣሪያውንም በ«ብረት ለበስ» አምሳል «ጅማት ለበስ ደጋን» ማለት ይቻላል። «ጀርባ» ግን ወደ ዒላማው የሚያየው ገጽ፣ «ሆድ»ም ወደ ቀስተኛው የዞረው መሆኑ በፍቺው ውስጥ ይግባ። ተርጓሚው ሁለቱን ቢገለብጥ ጅማቱ በሚጨመቀው በኩል ይለጠፋል፤ በዚያ በኩል ደግሞ እንጨቱን ከመሰንጠቅ አያድነውም።