የሣር ባርኔጣና ስሟ ያልተጻፈ ባለሙያ

ከሚኒያፖሊስ በስተሰሜን ምዕራብ የምትገኘው ኒው ሆፕ፣ ትርጓሜዋ «አዲስ ተስፋ» ሲሆን፣ ቀድሞ የገበሬ አገር ነበረች። ገበሬዎቿ ለማንጠቀምበት የከተማ አገልግሎት ግብር አንከፍልም ብለው እ.ኤ.አ. በ1936 ከክሪስታል ተለዩ። ሚኒያፖሊስም ከ1880 እስከ 1930 ድረስ በዱቄት ምርት ከዓለም አንደኛ ነበረች። የስንዴው ፍሬ ለዱቄት ሲሆን ቀጭኑ አገዳ ደግሞ ለሌላ ሙያ ይውላል፤ ተጎንጉኖ የገበሬ ባርኔጣ ይሆናል።

ይህ ሙያ በአሜሪካ የሴቶች የእጅ ሥራ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1807 ፕሬዚዳንት ቶማስ ጀፈርሰን የውጭ ንግድን ሲያግዱ የአገር ውስጥ ባርኔጣ ተፈላጊ ሆነ። የኮነቲከቷ ሜሪ ኪስ አገዳን ከሐር ክር ጋር የምታያይዝበትን ብልሃት አውጥታ በሜይ 5 ቀን 1809 ፓተንት ተሰጣት፤ በስማቸው ፓተንት ካገኙ የአሜሪካ ሴቶችም የመጀመሪያዋ ተብላ ትጠራለች። ሰነዱ በ1836 በፓተንት ቢሮው ቃጠሎ ወደመ፤ ስሟ ግን ተርፏል።

ስም ያልተጻፈለት ሥራ ዕጣው ሌላ ነው። ዓለም «ፓናማ» የሚለው ባርኔጣ የኢኳዶር ሥራ ነው። ንግዱ በፓናማ በኩል ስላለፈ የሠሪው አገር ስም ተረሳ። ዩኔስኮ ሽመናውን የኢኳዶር ቅርስ አድርጎ የመዘገበው ገና በ2012 ነው።

ወደ ኢትዮጵያ ስንመለስ፣ የዳግማዊ ምኒልክን ሰፊ ባርኔጣ በፎቶግራፍ የማያውቅ የለም። የገበሬውን የሣር ባርኔጣ ግን ማን ሠራው ብሎ የጠየቀ ጥቂት ነው። የሃላባ ወንዶች በረጅሙና በሾጣጣው ባርኔጣቸው ከሩቅ ይለያሉ። የሰሌን ባርኔጣም አለ፤ የዘንባባ ቅጠል በቀጭኑ ተሰንጥቆ ይደርቃል፣ እንደ ሹሩባ ይጎነጎናል፣ ጉንጉኑም ከአናት ጀምሮ እየዞረ ይሰፋል። በደጋው ደግሞ እናቶች አክርማና ስንደዶ አድርቀው፣ ከፊሉን አለላ ነክረው፣ በወስፌ እየወጉ ዙርን ከዙር ያያይዛሉ። ሞሶቡም ሰፌዱም የሚወጣው ከዚሁ እጅ ነው። አንድ ሰበዝ ከላላ ዙሩ ሁሉ ይጣመማል፤ ስለዚህም ሙያው ዓይንና ትዕግሥት እንጂ ንድፍ በወረቀት አያውቅም።

አደጋውም እዚህ ላይ ነው። በወረቀት ያልተጻፈ ሙያ ከባለሙያዋ ጋር ይቀበራል። በሰው አገር በየሳሎኑ ግድግዳ የተሰቀለው ስፌት ከየት መጣ ቢባል «ከአገር ቤት» ከማለት በቀር የሠሪዋን ስም የሚናገር ልጅ አይገኝም። ይህን ለማቃናት ታላቅ ድርጅት አያስፈልግም። የሚኒሶታ ክረምት ረጅም ነው፤ ወስፌ ይዘው የሚያውቁ እናቶችም በየቤቱ አሉ። ልጅ ከእናቱ ወይም ከአያቱ ጎን ተቀምጦ አጀማመሩን ይማር፤ በስፌቱም ጀርባ የሠሪዋን ስም፣ አገሯንና ዓመቱን በትንሽ ወረቀት ጽፎ ይለጥፍ። የሜሪ ኪስን ስም ያቆየው ጽሑፍ ነውና፣ ለእማማም አይነፈግ።