ጎራዴ የታጠቀችው

እስቲ ጠጋ በሉና ስሙኝ። ቤቴል ነው፤ ክረምቱ ወጥቶ ሣሩ ጉልበት ድረስ በበቀለበት ሰሞን። የታክሲ ረዳቶቹ «አየር ጤና! አየር ጤና!» እያሉ ሲጣሩ አይሰማም፤ መብራት የጠፋ ማታ ግን ከአጥሩ ሥር ቁልጭ ብሎ ይመጣል፦ ጥዝዝ... ጥዝዝ...

የጎረቤቴ ልጅ አንዲት ቅጠል የመሰለች ነገር በውኃ ፕላስቲክ ይዞ ከች አለ። «ጋሼ፣ አንበጣ ያዝኩ!»

«ኧረ ፌንጣ ናት» አሉ አያቱ፣ ወሎዬዋ።

ቀንዷን እየው አልኩት። የአንበጣ ቀንድ አጭር ነው፤ የዚች እንደ ክር ቀጥኖ ከገላዋ ይረዝማል። ሊቃውንቱ መጀመሪያ የሚለያዩአቸው እዚሁ ላይ ነው። ባለ ረጅም ቀንዶቹን ኤንሲፌራ ይሏቸዋል፤ በላቲን ጎራዴ ታጣቂ ማለት ነው። ጎራዴው የሴቷ ነው፤ ከጭራዋ ወጥቶ እንቁላሏን አፈር ወይም ተክል ውስጥ የምትሰካበት። ከድንጋይ ሥር ከምትኖረው ጥቁር ዘመዷ ለመለየት ደግሞ የእግር ጫፍ አንጓ ይቆጠራል፦ የዚያች ሦስት፣ የዚች አራት። ወገኗ ቴቲጎኒዴ ይባላል። ጆሮዋስ? የፊት እግሯ ላይ፣ ከጉልበቷ ዝቅ ብሎ!

«ታዲያ ፌንጣ ማለቴ ምን አጠፋሁ?» አሉ እማማ። ምንም። ስም አውጪው ሊቅ ሊኔየስ ራሱ በ1758 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር፣ አንበጣውንም ፌንጣውንም ግሪሉስ ብሎ አንድ ቤት አጉሯቸው ነበር።

የወሎዋንም ነገርኳቸው፤ ጤፍ የምትፈጀውን። በ1977፣ ይኸውም እንደ ፈረንጆቹ፣ ዴቪድ ራግ የሚባል እንግሊዛዊ ዴክቲኮይዴስ ብሬቪፔኒስ አላት። የፊተኛው ስም ዴክቲኩስ የምትባለውን የአውሮፓ ዘመዷን ትመስላለች ለማለት ነው፤ የኋለኛው ክንፈ አጭር።

እማማ ሳቁ። «ክንፏ ማጠሩንማ እኛስ መች አጣነው? ሳትበርም ማሳውን ጨርሳዋለች!» ነጠላቸውን ሰብሰብ አድርገው ወደ ፕላስቲኩ አጎነበሱ። «ይቺ ግን ያቺ አይደለችም። ክንፏ ጭራዋን አልፏል።»

ያለ ማጉያ መነጽር፣ ያለ ላቲን! እኔማ ዝም አልኩ።

ልጁ ፕላስቲኩን ነቀነቀው። «ለምን አትጮህም?»

«ጎራዴዋን አላየህም? ሴት ናት። በአብዛኞቹ ዘንድ ክንፉን ከክንፉ እያፋጨ የሚጣራው ወንዱ ነው።»

ክዳኑን ከፈተላት። ዘላ ግድግዳው ላይ ተለጠፈች፤ ረጅሙን ቀንዷን ወደ ሣሩ አዞረች። ከአጥሩ ሥር፣ ጥዝዝ...