አክተር አይሞትም

በቪዲዮ ቤት ያደግን ሁሉ አንድ የማይሻር ሕግ ነበረን፤ «አክተር አይሞትም» የሚል። ጥይት እንደ በረዶ ቢወርድ፣ ድልድይ ቢደረመስ፣ አክተሩ አቧራውን አራግፎ ይነሣል። ከመካከላችን «አለቀለት!» ብሎ የሚደነግጥ ከተገኘ ለፊልም እንግዳ ነው ተብሎ ይሳቅበታል። እኔ የፊልም ሊቅ አይደለሁም፤ ብዙ ያየሁ ተመልካች ነኝ እንጂ። ይህ ሕግ የራሱ ታሪክ እንዳለውና ዋጋም እንዳስከፈለ የተረዳሁት ዘግይቼ ስለሆነ፣ የራምቦን ነገር አንሥቼ ላወጋችሁ ወደድሁ።

ራምቦን ያወቅሁት ከኋላ ወደ ፊት ነው። በ1980ዎቹ አጋማሽ በሠፈራችን ቪዲዮ ቤት ዘወትር የሚታየው ክፍል ሁለት ነበር። ደረቱን የተራቆተው፣ ግንባሩን በጨርቅ ያሰረው፣ ፈንጂ በተገጠመበት ቀስት ሠራዊት የሚደመስሰው ጀግና! የሠፈሩ ጉልበተኛ ሁሉ «ራምቦ» ይባል ነበር። ክፍል አንድ የሚባል መኖሩን እንኳ አናውቅም።

የሰውየው ታሪክ ግን መጀመሪያ የተጻፈው ሞቶ እንዲያልቅ ነው። ዴቪድ ሞሬል የተባለ በካናዳ የተወለደ ደራሲ እ.ኤ.አ. በ1972 ባሳተመው ልቦለድ ውስጥ፣ ራምቦ ከቬትናም ጦርነት ተመልሶ በየመንገዱ የሚንከራተት ወጣት ነው። ወደ አንዲት ትንሽ ከተማ ሲገባ የፖሊስ አዛዡ ገና መልኩን አይቶ ያባርረዋል። ተመልሶ ሲመጣ ያስረዋል። ከዚያ በኋላ በሩቅ አገር ቀረ የተባለው ጦርነት ደጃፍ ድረስ ይመጣል። በመጨረሻም ራምቦን የሚገድለው ትራውትማን የተባለው የገዛ ወገኑ መኮንን ነው።

ቴድ ኮቸፍ ያዘጋጀውና ሲልቨስተር ስታሎን የተጫወተበት ፊልም የወጣው እ.ኤ.አ. በ1982 ነው። ለትራውትማን ሚና ታጭቶ የነበረው ዝነኛው ኪርክ ዳግላስ፣ እንደ መጽሐፉ ራምቦ መሞት አለበት ብሎ ስለጸና ከአዘጋጆቹ ጋር ሳይስማማ ሥራውን ጥሎ ሄደ፤ ቦታውን ሪቻርድ ክሬና ያዘ። ሆኖም የሞቱ ትዕይንት ተቀርጾ ነበር። ለሙከራ የተጋበዙት ተመልካቾች አልወደዱትም። ስለዚህ አስቀድሞ የተቀረጸው ሌላው መጨረሻ ተመረጠ፤ ራምቦ እጁን ሰጥቶ ከነሕይወቱ ይወጣል። ክፍል ሁለት የተፀነሰው ያን ጊዜ ነው።

ይህ ክፍል አንድ አንድ ቀን በአጋጣሚ ሠፈራችን ደረሰ። እኛ ልጆቹ ገና ከመሐሉ ማጉረምረም ጀመርን፤ ሬሳው አነሰብና! በራምቦ ምክንያት ሕይወቱ የሚያልፈው ከሄሊኮፕተር የሚወድቅ አንድ ፖሊስ ብቻ ነው። መጨረሻው ላይ ደግሞ ይባስ ብሎ አክተሩ አለቀሰ። በጦር ሜዳ ሚሊዮን ዶላር የሚያወጣ መሣሪያ በአደራ ይሰጠው እንደነበር፣ አገሩ ሲገባ ግን መኪና አቋሚነት እንኳ የሚቀጥረው እንዳጣ እየተናገረ እንደ ሕፃን ይንሰቀሰቃል። ይህን ትርጉም ያወቅሁት እንግሊዝኛ ከተማርሁ በኋላ ነው። ያን ዕለት ሳቅን።

በር ላይ ሳንቲም የሚቀበሉን ሰው በ1983 ዓ.ም. የተበተነው ጦር አባል ነበሩ፤ ጋሼ ነበር የምንላቸው። ፊልም ሲታይ ፊታቸውን ወደ ውጭ አዙረው ነበር የሚቀመጡት። የዚያን ዕለት ግን ቆመው ያዩ ነበር። «ዝም በሉ! ከግንባር የተመለሰ ሰው ነው» አሉን። እንግሊዝኛ እንደማይሰሙ አውቃለሁ። ልቅሶው ግን አስተርጓሚ አላስፈለገውም።

እ.ኤ.አ. በ1985 ክፍል ሁለት ሲወጣ ያ የሚያለቅስ ሰው የለም። ራምቦ ከእስር ተፈትቶ ምርኮኞች ሊፈልግ ወደ ቬትናም ይላካል፤ በዚህኛው ጊዜ እንድናሸንፍ ይፈቀድልናል ወይ ብሎም ይጠይቃል። አሜሪካ የተሸነፈችበትን ጦርነት አንድ ሰው ብቻውን በፊልም ያሸንፍላታል ማለት ነው። ፕሬዚዳንት ሬገን ሳይቀሩ ራምቦን ስላየሁ ለሚቀጥለው ጊዜ የማደርገውን አውቃለሁ ብለው ቀልደዋል። ገበያውም ቀልድ አልነበረም፤ ክፍል አንድ በአሜሪካ ብቻ 47 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ሲያስገባ፣ ክፍል ሁለት 150 ሚሊዮን አካባቢ አስገባ። ራምቦን የገደለው ሞሬል ራሱ የክፍል ሁለትንና የክፍል ሦስትን ታሪክ በመጽሐፍ መልክ ጻፈ። ክፍል ሦስት ራምቦን አፍጋኒስታን ወስዶ ከሶቪየት ጦር ጋር አዋጋው፤ ሲኒማ ቤት የገባው ግን እ.ኤ.አ. በግንቦት 1988፣ የሶቪየት ጦር መውጣት በጀመረ በአሥረኛው ቀን ነው። ጀግናው ሠርግ ካለቀ በኋላ ደረሰ!

ታዲያ ተከታይ ፊልም ሁሉ ከንቱ ነው? አይደለም። ከክፍል ሁለት ጸሐፊዎች አንዱ ጄምስ ካሜሮን ነበር። ይኸው ሰው እ.ኤ.አ. በ1991 «ተርሚኔተር» ክፍል ሁለትን ሠራ። በመጀመሪያው ፊልም ገዳይ ሆኖ የመጣው ማሽን በሁለተኛው ጠባቂ ይሆናል፤ ሰው መግደል ክልክል መሆኑን ከአንድ ልጅ ይማራል፤ በመጨረሻም በገዛ ፈቃዱ በቀለጠ ብረት ውስጥ ይጠፋል። አክተሩ ሞተ! ያ ፊልም እስከ ዛሬ ከአእምሮ የማይወጣው ለዚህ ይመስለኛል። ገበያው ግን አላስቻለውም፤ በ2003 ክፍል ሦስት መጣ።

ልዩ ኃይል ባላቸው ጀግኖች ፊልምም ያው ነው። በ2017 «ሎጋን» በተባለው ፊልም ሂው ጃክማን የሚጫወተው ዎልቨሪን አርጅቶ፣ ቆስሎ ሞተ፤ ተቀበረም። በ2024 በወጣው ፊልም ግን መጀመሪያው ላይ መቃብሩ ይቆፈርና አፅሙ የጠብ መሣሪያ ይሆናል። ቀልድ ነው፤ ነገር ግን የዚህ ንግድ ጠባይ ከዚህ በተሻለ ሊገለጽ አይችልም።

የእኔ ሚዛን ይህ ነው። ጥሩ ተከታይ በፊተኛው ፊልም የደረሰውን ጉዳት ያስታውሳል፤ መጥፎው ያስረሳል። ራምቦ ከሞት ተረፈ፤ ቁስሉ ግን ከእርሱ ጋር አልተረፈም። ጋሼ በማግስቱ ክፍል ሁለት ሲታይ እንደ ወትሯቸው ፊታቸውን ወደ መንገዱ አዙረው ሳንቲማችንን ተቀበሉን። አንባቢዎቼም ራምቦን ለልጆቻችሁ ስታሳዩ ከክፍል አንድ እንድትጀምሩ እለምናለሁ።