ደጃፋችን ላይ ያለው አበባ ከየት መጣ?



ሰሞኑን አንድ የቀድሞ ተማሪዬ በውስጥ መስመር «ቲቸር፣ ይጁቤ ላይ ቤት ሠርቼ ደጃፉን ላሳምር ብዬ የተከልኩትን አበባ ሁሉ መጋቢት ላይ ፀሐይ ጨረሰብኝ። ምን ልትከል?» ብሎ ጻፈልኝ። እኔ የታሪክ አስተማሪ እንጂ የግብርና ባለሙያ አይደለሁም። ግን ጥያቄው ታሪክም አለበትና እዚሁ ልመልስለት።

ይጁቤ ድሮም የሩቅ አገር እቃ የሚራገፍባት ናት። የባሶ ገበያ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ከጎጃም ትልልቅ ገበያዎች አንዱ ነበር፤ እንግሊዛዊው ተጓዥ ቻርልስ ቤክ እ.ኤ.አ. በ1840ዎቹ መጀመሪያ ጎጃምን ሲዞር ስለሱ ጽፏል። ከዓባይ ማዶ ቡና፣ ወርቅ፣ የዝሆን ጥርስ ይመጣ ነበር፤ የሚያሳዝነው ደሞ ሰውም በባርነት ይሸጥ ነበር። የዛሬዎቹ የደጃፍ አበቦቻችንም መንገደኞች ናቸው፤ እነሱ ግን የመጡት ከባሕር ማዶ ነው።

ቡገንቪሊያን እንይ። አገሩ ደቡብ አሜሪካ ነው። እ.ኤ.አ. በ1767 የፈረንሳዩ መርከበኛ ቡገንቪል ሪዮ ዴ ጄኔሮ ሲያርፍ አብሮት የነበረው የዕፅዋት ተመራማሪ ኮመርሶን አገኘውና በአለቃው ስም ተጠራ። እኛ አበባ የምንለው ቀዩ ነገር እንዲያውም ቅጠል ነው፤ አበባው መሀል ላይ ያለችው ትንሿ ነጭ ናት። ውኃ ሲበዛለት ቅጠል ብቻ ይሆናል፤ ጠማ ሲያደርገው ያብባል።

እናቶቻችን በጣሳ የሚተክሉት ጀራኒየም ደሞ ድርቅ ከለመደበት ከደቡብ አፍሪካ የመጣ ነው። ግንዱ ወፍራም የሆነው ውኃ ስለሚያጠራቅም ነው።

የራሳችንስ? ቀጋን ለአጥር ብቻ አደረግነው እንጂ ሳይንሱ በአገራችን ስም «ሮዛ አቢሲኒካ» ብሎ የሚጠራው ጽጌረዳ ነው። ነጭ አበባው ያምራል፣ ፍሬውን ልጆች ይበሉታል፣ በጋውንም ይችላል። እሬትም ቀይ አበባውን ሲያወጣ ማንም ውኃ አላጠጣውም።

አሁን የራሴን ጥፋት ልናገር። እዚህ ተመድቤ የመጣሁ ሰሞን ከደብረ ማርቆስ የጽጌረዳ ችግኝ አምጥቼ በታኅሣሥ ተከልኩ። የዛሬው የገበያ ጽጌረዳ የቻይናና የአውሮፓ ዝርያዎች ተዳቅለው የወጣ ነው፤ ዝዋይ አካባቢ እንኳ የሚያድገው በፕላስቲክ ቤት ውስጥ በመስኖ ነው። የኔው ጠዋት ማታ ውኃ ይፈልግ ነበር። ውኃውን ከቦኖ የምታመጣው የአከራዬ ልጅ ናት፤ ተማሪዬም ነበረች። አንድ ቀን አርፍዳ መጣች ብዬ በር ላይ አቆምኳት። ምንም አልመለሰችም። ማታ ቤት ስገባ አበባዬ ሥር ያለው አፈር እርጥብ ነበር። ያኔ ነው የገባኝ። ያረፈደችው የኔን አበባ ስታጠጣ ነበር። በማግስቱ ይቅርታ ጠየቅኳት፤ ከዚያ በኋላም ውኃውን ራሴ ቀዳሁ። ጽጌረዳው ሚያዝያን አላየም፤ የእናቷ ጀራኒየም ግን በእቃ እጣቢ ብቻ ቀይ እንደሆነ በጋውን ዘለቀ።

ስለዚህ ልጄ፣ ምክሬ ይኸው። ዝናቡ ሳያባራ፣ ሐምሌ ላይ ትከል፤ በጋው ሳይመጣ ሥር ይሰዳል። ሙሉ ፀሐይ የሚመታው ግድግዳ ላይ ቡገንቪሊያ፣ በረንዳ ላይ ጀራኒየም፣ አጥር ላይ ቀጋ፣ ድንጋያማው ጥግ ላይ እሬት ይሁን። ሥራቸውን ገለባ አልብሰው፤ እርጥበት ይይዛል። አደይ አበባን ለመስከረም ተዋት፤ እሷ በጊዜዋ መጥታ በጊዜዋ ትሄዳለች።

ደጅ ማማሩ ጥሩ ነው። ግን አበባ ከመምረጥህ በፊት ውኃውን የሚሸከመው የማን ጀርባ እንደሆነ ጠይቅ።

እስኪ እናንተስ፣ ደጃፋችሁ ላይ በጋውን የሚችል ምን አበባ አለ? ከነስሙ ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ።